ዕድል ተብሎ ስም ይወጣል?

ባለፈው ጥቅምት አንድ ማለዳ ከባለቤቴ ጋር አራስ ልንጠይቅ ወጣን። ባለቤቴ የገንፎውን ሳሕን በነጠላዋ ጫፍ ሸፍና ከፊት ከፊት ትሄዳለች፤ እኔ መነጽሬን እየጠራረግሁ እከተላለሁ። ጅጅጋ በዚያ ወቅት ጠዋት ጠዋት ትቀዘቅዛለች። ከካራማራ በኩል የሚመጣው ነፋስ አቧራውን ያነሣና ዓይን ውስጥ ይጨምራል። መንገዳችን ግን ሩቅ አልነበረም፤ አራሷ ከአጥራችን ማዶ ያለች ጎረቤታችን ናት። ስሟ አያን ይባላል። የቀድሞ ተማሪዬ ስለሆነች ዛሬም የምትጠራኝ «መዓሊን» እያለች ነው፤ በሶማሊኛ መምህር ማለት ነው።

ቤቱ በኡንሲ ጢስ ታፍኗል። ኡንሲ የሶማሌ አራስ ቤት የማይለየው፣ ሽቶና ስኳር የገባበት ዕጣን ነው። አያን ከሦስት ወንዶች በኋላ ያገኘቻትን ሴት ልጅ ታቅፋ ተቀምጣለች። እናቷ ከጎኗ አሉ፤ ሰፈሩ ሁሉ «ሆዮ» ነው የሚላቸው፣ እናት ማለት ነው። ሻይ ቀረበ፤ ገንፎው ተቀመሰ፤ ወዲያው ወደ ዋናው ጉዳይ ተገባ። ልጅቱ ሦስተኛ ቀኗ ነው። በሰባተኛው ቀን በግ ታርዶ ወንቀል ይደረግና ስም ይወጣላታል። ስሙ ግን አልተገኘም።

ማለቴ፣ ስም ጠፍቶ አይደለም። የባል እናት «ኢክራን» ትባል ብለዋል፤ ክብር እንደማለት ነው። የባል እኅት «ሱመያ» ካልተባለች ብላለች። ሆዮ በበኩላቸው «ባርዋቆ»ን መርጠዋል፤ ዝናብ ዘንቦ፣ ሣር በቅሎ፣ ከብት ጠግቦ የሚገኘው ያ በረከት ነው። አያን ሁሉንም ሰምታ ዝም ብላለች። እኔን ስታይ ግን በአማርኛ እንዲህ አለችኝ፦

«መዓሊን፣ እርስዎ የቃል ነገር ያውቃሉ። ከልጄ ምንም የማይጠይቅ ስም ይንገሩኝ።»

እንደ ቀልድ ወሰድሁት። ፊቷን ሳይ ግን ቀልድ አልነበረም።

አንባቢ ነገሩን እንዲረዳልኝ ስለ አያን ስም ጥቂት ማለት አለብኝ። «አያን» በሶማሊኛ ዕድል ማለት ነው። ዕድለ ቢስነት «አያንደሮ» ይባላል፤ የአያን ማጣት እንደማለት። ሆዮ ከሐርጌሳ የወጡት በ1980 ዓ.ም. መጨረሻ፣ የዚያድ ባሬ መንግሥት ከተማይቱን በአውሮፕላን ሲደበድብ ነው። ሁለት ልጆች ይዘው ወጥተው ሐርትሼክ የደረሱት አንዱን ይዘው ነው። ሐርትሼክ በዚያው ዓመት ለስደተኞች የተከፈተ፣ በኋላም ከሁለት መቶ ሺሕ የሚበልጥ ሰው የኖረበትና በ1996 ዓ.ም. የተዘጋ ሰፊ መጠለያ ነበር። አያን እዚያ ድንኳን ውስጥ ተወለደች። እናትም ሕፃንም ከወሊዱ ተረፉ፤ ስለዚህም አያን ተባለች። ከዚህ የበለጠ የተገባ ስም አላውቅም።

በማስተምርበት ዘመን ስሙ የተወደደ ነበር። በአንድ ክፍል ውስጥ አራት አያን ገጥሞኝ ያውቃል፤ ተማሪዎቹ ራሳቸው አያን ረጅሟ፣ አያን ቀይዋ፣ አያን ግራኟ እያሉ ለዩልኝ። የእኛይቱ «አያን ሐርትሼክ» ነበረች።

ቃሉ የሶማሌ ብቻ አይደለም። በበዓል ዋዜማ በኦሮምኛ የሚተላለፈውን የእንኳን አደረሳችሁ መልእክት ያደመጠ ሰው «አያና» የምትለዋን ቃል ሳይሰማ አይቀርም። አያና በኦሮሞ ዘንድ በዓል ነው፤ ዕድል ነው፤ ከዋቃ ዘንድ በእያንዳንዱ ፍጡር ላይ ያደረ መንፈስም ነው። ወንዱ «አያና» ሲባል ሴቷ «አያንቱ» ትባላለች። እንግዲህ ከጅጅጋ ተነሥቶ ባቢሌን አልፎ ሐረር የሚወርድ ሰው በመንገዱ ላይ አያንን ትቶ አያንቱን ያገኛል፤ በመካከላቸው ያለው አንዲት «ቱ» ብቻ ናት።

ስሙ ባሕርም ተሻግሯል። በሕንድና በፓኪስታን አያን የወንድ ልጅ ስም ነው፤ የራሳቸው ሌላ ትርጉም አላቸው። በአሜሪካ ደግሞ «አያና» የሴት ስም ሆኖ በጥቁሮች ዘንድ ተወድዷል፤ የማሳቹሴትስ የምክር ቤት አባል አያና ፕረስሊ አንዷ ናት። ለልጅ ስም ማውጫ እየተባሉ የሚታተሙትን የአሜሪካ መጻሕፍት የገለጠ ሰው ከአያና ጎን ምን ተጽፎ ያገኛል? «ኢትዮጵያዊ ስም፤ ትርጉሙ ውብ አበባ።» ወይ ጉድ! ወለጋ ሄዶ አንዱን ጢማም አቶ አያናን «ውብ አበባ» ብሎ የሚጠራ ደፋር ካለ እኔም አብሬ ሄጄ ባየሁ። ሶማሊኛ አበባን «ኡባህ» ይላል፤ እሱም የታወቀ የሴት ስም ነው። አንዱ ጸሐፊ የሆነ ቦታ ተሳስቶ፣ ሌላው ከእሱ ቀድቶ፣ እነሆ አንድ ስም ያልነበረውን አበባ አወጣ።

መጀመሪያ ላይ በዚህ እስቅ ነበር። አሁን ግን እንጃ። አንዲት የዲትሮይት እናት ልጇን ታቅፋ «አበባዬ» ስትል ያወጣችው ስም ትርጉሙ አበባ አይደለም ልላት እችላለሁን? ስም ትርጉሙን የሚያገኘው ከመዝገበ ቃላት ነው ወይስ ከአውጪው ልብ? በእኛም ሀገር እኮ ይኸው ነው። «ፌቨን» የሚለውን ስም እንውሰድ። በሮሜ መልእክት 16ኛ ምዕራፍ መጀመሪያ ላይ ጳውሎስ አደራ የሚሰጥባት እኅት ፌቤን ናት፤ የስሙ ሥር በግሪክ ብሩህ ማለት ነው፤ መጨረሻ ላይ ያለችው «ን» ደግሞ የግሪክ ሰዋስው በተሳቢነት የጨመራት ናት። ስንቷ ፌቨን ናት የግሪክን ተሳቢ ተሸክማ እንደምትዞር የምታውቅ? ብታውቅስ ምን ይቀርባታል?

ጥያቄው ጥንታዊ ነው። ፕላቶ «ክራቲለስ» በተሰኘው የውይይት መጽሐፉ ስም ከተፈጥሮ የመጣ ነው ወይስ በሰዎች ስምምነት የተለጠፈ እያለ ያከራክራል። ከተከራካሪዎቹ አንዱ ሄርሞጌኔስ ይባላል፤ የሄርሜስ ልጅ ማለት ነው። ሄርሜስ የንግድና የትርፍ አምላክ ነበር። ሰውየው ግን ገንዘብ አይበረክትለትም፤ ስለዚህ ክራቲለስ «ይህ ያንተ እውነተኛ ስም አይደለም» እያለ ያበሽቀዋል። ይህን ሳነብ ያሰብሁት አያንን ነው።

አያን ዕድለኛ አልሆነችም። ሁለት ጽንስ ወርዶባታል። ባሏ ተበድሮ የገዛት የጭነት መኪና ከቶጎ ውጫሌ ስትመለስ ተገልብጣ እዳው ቀረ። ስሟ እንኳ በሦስት ወረቀት ላይ በሦስት ዓይነት አጻጻፍ ተጽፎ አንድ መሥሪያ ቤት «አንቺ መሆንሽን አስመስክሪ» ብሎ ወራት አመላልሷታል። (እዚህ ላይ የአማርኛ መምህርነቴ ይነሣብኛል። እኛ በንግግር የጣልናቸው ሐመሩ ሐና ዐይኑ ዐ በሶማሌ አንደበት ሕያው ድምፆች ናቸው፤ ሐሊማንና ዐሻን በትክክል ለመጻፍ ከፊደላችን የተሻለ ዕቃ አይገኝም። የአያን ረጅም «ያ» ግን በአማርኛ ማሳያ የላትም። ሶማሊኛ ከ1965 ዓ.ም. ጀምሮ በሚጻፍበት በላቲኑ ፊደል ሁለት ጊዜ የሚጻፈው አናባቢ፣ ጸሐፊው ሲቸኩል አንድ ይሆናል፤ ጣጣው የመጣው ከዚያ ነው።) ታዲያ ችግር በደረሰባት ቁጥር ሰው ምን ይላታል? «አንቺ አያን ሆነሽ!» ለማጽናናት የሚሉት አሉ፤ ለመቀለድ የሚሉትም አሉ።

«ሌላ ሰው ሲደኸይ ደኸየ ይባላል፤» አለችኝ ያን ዕለት፣ «እኔ ስደኸይ ግን ስሜንም የከዳሁ ይመስላል።»

እንግሊዛዊው ፈላስፋ ጆን ስቱዋርት ሚል በ1843 እ.ኤ.አ. ባሳተመው የሎጂክ መጽሐፍ የተጸውዖ ስም ምልክት እንጂ የትርጉም ተሸካሚ አይደለም ይላል። በኖራ በር ላይ እንደሚደረግ ምልክት ነው፤ ቤቱን ይለያል እንጂ ስለ ቤቱ አይናገርም። ሚል እንዲህ ማለቱ አይፈረድበትም፤ ጎረቤቶቹ «ጆን ማለት ምንድን ነው?» ብለው አልጠየቁትም። ማንያዘዋል፣ አለባቸው፣ ወርቅነሽ በሚባሉ ሰዎች መካከል፣ ወይም ሮብሌ ብለው በዝናብ ወራት መወለዱን፣ ወርሰሜ ብለው መልካም ወሬ ይዞ መምጣቱን በሚመሰክሩ ሰዎች መካከል ቢያድግ ኖሮ መጽሐፉን እንደገና ያስበው ነበር። የእኛ ስሞች ዓረፍተ ነገር ናቸው። ዓረፍተ ነገር ደግሞ እውነት ወይም ሐሰት ሊሆን ይችላል። የአያን ጣጣ ይኸው ነው፤ ሰው ስሟን በሰማ ቁጥር እውነት ነው ወይስ ሐሰት ብሎ ይመዝናታል።

እኔ ራሴ ይህን የተማርሁት ከቤቴ ነው። ቤተሰባችን መስከረም 1970 ዓ.ም. ጅጅጋ በዚያድ ባሬ ጦር ስትያዝ ወደ ሐረር ሸሸ። ታላቅ ወንድሜ በጦርነቱ ሞተ፤ ካራማራ የካቲት 26 ስትለቀቅ እሱ አልነበረም። በዚያው ዓመት ሐረር ላይ እኅቴ ተወለደች፤ እናቴም «ማስረሻ» አለቻት። ሐዘኗን እንድታስረሳት መሆኑ ነው። እንግዲህ አስቡት፤ እናቴ ውኃ ቅጂ ስትል ማስረሻ፣ እሳት አንድጂ ስትል ማስረሻ፣ እራት ቅረቢ ስትል ማስረሻ። በጠራቻት ቁጥር ወንድሜ አንድ ጊዜ ይሞታል። እኅቴ አድጋ አዲስ አበባ ስትገባ ስሟን «ማሲ» አድርጋ አሳጠረችው። እናቴ ተቀየመች። እኔ ግን ፈረድሁላት። ልጅ የተወለደችበትን ሐዘን ሃምሳ ዓመት ተሸክማ እንድትዞር ማን ፈረደባት? እናቴ ስም ስትሰጣት ስጦታ የሰጠች መስሏት ነበር፤ በውስጡ ግን ሥራ ነበረበት፤ እኅቴ ያልተዋዋለችው ሥራ።

የአያን ጥያቄ ያስደነገጠኝ ስለዚህ ነው። ምንም የማይጠይቅ ስም።

ከዚያ በኋላ ባሉት ቀናት ያቆየኋቸውን የድሮ ስም ዝርዝሮቼን አውጥቼ አገላበጥሁ። አንድ ነገር አየሁ፤ ከዚህ ቀደምም አይቼው ኖሮ ይሆናል፣ ልብ ግን አላልሁትም። በአባት ስም ዓምድ ውስጥ ያሉት ስሞች እምብዛም አይለወጡም። ዐብዲ፣ መሐመድ፣ አሕመድ፣ ሐሰን፣ ዩሱፍ። በልጃገረዶቹ ዓምድ ግን ዘመን ይነጉዳል። በመጀመሪያዎቹ ዝርዝሮች ዳሃቦ፣ ዐናብ፣ ሐሊማ ነበሩ። ቀጥለው ሆዳን፣ ዴቃ፣ ኡባህ፣ አያን መጡ፤ ሀብቱ፣ ስጦታው፣ አበባው፣ ዕድሉ። ከዚያ ደግሞ ኢክራን፣ ሐምዲ፣ ናስራ፣ ሱመያ፤ ሃይማኖቱም የዐረብኛው ድምፅም የወደደው ትውልድ። በክርስቲያኖቹም ቤት እንደዚሁ፤ ዘነበችና ወርቅነሽ ለሰላምና ለሜሮን ለቅቀው፣ እነሱም ለቤተልሔምና ለፌቨን፣ ዛሬ ደግሞ ለሶሊያናና ለኤልዳና።

ለምን ይሆን? የወንድ ልጅ ስም ነገ የልጅ ልጆች ሁለተኛ ስም ነው። ከዚያ ወዲያ ሦስተኛ ይሆናል። የሶማሌ ልጅ አብቲርሲውን፣ የአባቶቹን ሐረግ፣ አንድ በአንድ ሲቆጥር ከዐሥርና ከዐሥራ አምስት ትውልድ በኋላም ያ ስም ይጠራል። ስለዚህ ሰው ለወንድ ልጅ ስም ሲያወጣ ይጠነቀቃል፤ ለሐረጉ ነው የሚያወጣው። የሴት ልጅ ስም ግን ከእሷ አያልፍም። ልጇ የሚጠራው በአባቱ ነው። በሶማሌም በአማራም ዘንድ ብታገባ ስሟን አትለውጥም፤ ይህ ክብር ነው እንላለን፤ ከስሟ ቀጥሎ ያሉት ሁለቱ ግን የወንዶች ናቸው። የ1952ቱ የፍትሐ ብሔር ሕግ እያንዳንዱ ሰው የቤተሰብ ስም እንዲኖረው ደንግጎ ነበር፤ ሕዝቡ አልተቀበለውም፤ ቢቀበለውም ኖሮ ለሴቲቱ ብዙ የሚለውጥላት አይመስለኝም።

እንግዲህ ያ ሁሉ ለሴት ልጅ ስም የምንሰጠው ነፃነት፣ አበባው፣ ዕድሉ፣ ጮራው፣ ከየት እንደመጣ አየሁ። የትም ስለማይደርስ ነው። ይህ ነገር ቅር አሰኝቶኛል፤ እስካሁንም ቅር እንዳለኝ ነው። ቢሆንም ሌላ ገጽታ አለው። ያ ስም በሦስቱ ስሞች ውስጥ የራሷ የሆነ ብቸኛ ቃል ነው። ከአባትም ከአያትም አልወረሰችውም፤ ለማንም አታወርሰውም። ማበደር ግን ትችላለች። ይህን የምለው በምክንያት ነው።

ሐምሌ 28 ቀን 2010 ዓ.ም. በጅጅጋ የሆነውን አንባቢ ያውቃል። አብያተ ክርስቲያናት ተቃጠሉ፤ ሱቆች ተዘረፉ፤ ሰዎች ሞቱ። ያን ዕለት ሆዮ በአጥራችን ቀዳዳ በኩል ጠርተው ሦስታችንን ወደ ቤታቸው አስገቡን። እኔንና ባለቤቴን ከጓዳ ከተው ልጃችንን ትዕግሥትን የአያንን ዲራዕ አለበሷት፤ በጋርባሳር ሸፈኗት። አያን ያኔ ከባሏ ጋር ቶጎ ውጫሌ ነበረች። ከቀትር በኋላ ዱላ የያዙ ወጣቶች መጥተው በሩን መቱ። ትዕግሥት ግቢ ውስጥ ነበረች። «ይህቺ ማናት?» አሉ። «ልጄ አያን» አሉ ሆዮ። ወጣቱ ወደ ልጄ ዞሮ ራሷን ጠየቃት። ትዕግሥት ጅጅጋ ተወልዳ ያደገች ናት፤ ሶማሊኛዋ እንከን የለውም። «አያን» አለች። ሄዱ።

ካንት በ1797 እ.ኤ.አ. በጻፈው አንድ ድርሰት፣ ገዳይ ከደጅህ ቆሞ የሚያሳድደው ሰው ከቤትህ መኖሩን ቢጠይቅህ እንኳ መዋሸት አይገባህም ይላል። እግዚአብሔር ይመስገን፣ ሆዮ ካንትን አላነበቡም።

ጓዳ ውስጥ ተቀምጬ ያን ቃል በግድግዳ በኩል ስሰማ ትርጉሙ ዕድል መሆኑ ትዝ አላለኝም። ያኔ ትርጉሙ «የእኛ ናት» ነበር፤ ሌላ ምንም። በኋላ ሳስበው ደግሞ ሌላ ነገር ቆረቆረኝ። ልጄን ያዳናት ስሙ ከሆነ፣ ለአደጋ ያጋለጣትስ ስሟ አይደለምን? ያው ወንፊት ነው፤ አንዷን ከላይ ያስቀራል፣ ሌላዋን ያሾልካል። በዚያው ዓመት መግቢያ በኦሮሚያና በሶማሌ ክልሎች ወሰን በተነሣው ግጭት ከሁለቱም ወገን በመቶ ሺሕ የሚቆጠር ሰው ሲፈናቀል፣ በአያንና በአያንቱ መካከል ያለችው «ቱ» በየትኛው መኪና ላይ እንደምትጫኚ ትወስን ነበር። ሁለቱም ዕድል ማለት መሆናቸውን በዚያ ሰዓት ማን ያስታውሳል?

በስድስተኛው ቀን ማታ ወደ አያን ተመልሼ ሄድሁ። ያሰብሁትን ሁሉ አልነገርኋትም፤ አራስ ናት። «ኡባህ በያት፤» አልኋት፣ «አበባ ምንም አይጠይቅም።»

ሳቀች። «መዓሊን፣ አበባ ዝናብ ይጠይቃል።»

«እንግዲያው የሐምሌውን ቀን አስታውሺ» አልኋት። «ያንቺ ስም አንድ ጊዜ በትክክል ሠርቷል፤ በእኔ ቤት ላይ። ዕድል የሆንሽው ለሌላ ሰው ነው እንጂ ሐሰት አልሆንሽም።»

ይህን ስናገር ያጽናናኋት መስሎኝ ነበር። እሷ ግን ልጇን አየት አድርጋ ዝም አለች፤ ቆይታም «ለሌላ ሰው» አለች፣ ቀስ ብላ፣ ቃሉን እንደምትመዝን። ያን ጊዜ የተናገርሁት ነገር የእናቴን ስሕተት እንደሚመስል ገባኝ። አሁንም ሥራ እየሰጠኋት ነበር።

ወንቀሉ በማግስቱ ተደረገ። በጉ ታረደ፤ ሽማግሌዎቹ ቁርኣን ቀሩ፤ የባል እናት አሸነፉና ልጅቱ ኢክራን ተባለች። በልደት ምስክር ወረቀቷም ላይ የሚሰፍረው ይኸው ነው። አያን አልተከራከረችም። ስንበላ ግን ሆዮ ከጓዳ ሕፃኗን ሲጠሩ የሰማሁት ሌላ ስም ነው፤ «ያሬይ» ይላሉ፤ ትንሿ ማለት ነው። ባርዋቆን ትተውታል። አያንም ያሬይ ትላታለች፤ ወንድሞቿም እንደዚሁ።

ወደ ቤት ስንመለስ ለባለቤቴ ነገርኋት። «እሱ ደኅና ስም ነው፤» አለች፣ «ከልጅቱ ምንም አይጠይቅም።»

«ታድግ የለም ወይ?» አልኋት።

«ታድጋለች እንጂ» አለችኝና የገንፎውን ባዶ ሳሕን ተቀበለችኝ።